ፐርች ወይስ ዋልአይ? በጥቅምት ምሽት ሐይቅ ዳር ለሚቆም ሰው

ጥቅምት ሲገባ ሚኒሶታ ውስጥ አብዛኛው ሰው ጀልባውን አጥቦ ጋራዥ ያስገባል። ሰመሩን ሙሉ በሞተር ድምፅ ሲታመስ የከረመው ሐይቅ ጭጭ ይላል። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ይህንን ጊዜ ነው። ቅጠሉ ረግፏል። ትንኝ የለም። ከጥቅምት መግቢያ ጀምሮ የሐይቁ ዳር በረዶ እስኪይዝ ባሉት ሳምንታት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሁለት አሳዎች ለዘንግ ይቀርባሉ። አንዱ ፐርች ነው፤ ሌላው ዋልአይ።

ሁለቱንም በአንድ ምሽት፣ በአንድ መንጠቆ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ እይዛለሁ ብሎ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ያጣ ሆኖ ይመለሳል። ይህን የምጽፈው አንዲት ውሳኔ ላይ እንድትደርሱ ነው፦ ዛሬ ማታ የምወጣው ለየትኛው ነው? መልሱ ከቤት ሳትወጡ መታወቅ አለበት። የምትይዙት መንጠቆ፣ የምትቆሙበት ቦታ፣ የምትደርሱበት ሰዓት፣ ልጅ ይዛችሁ መሄድ አለመሄዳችሁ ሳይቀር በእሱ ይወሰናል።

መጀመሪያ እንተዋወቃቸው

ፐርች ሲባል ያገሬ ልጆች ቶሎ ትዝ የሚላቸው ጫሞ ሐይቅ ያለው ግዙፉ ናይል ፐርች ነው። ስማቸው ተመሳሰለ እንጂ የቅርብ ዘመድ አይደሉም። ናይል ፐርች ከአንድ ትልቅ ሰው በላይ ሊመዝን ይችላል። የሰሜን አሜሪካው ቢጫ ፐርች ግን እጅ ላይ የሚያርፍ አሳ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ለምጣድ ይበቃል፤ 25 ከሞላ ደግሞ ያስደስታል። ጎኑ ቢጫ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ከ6 እስከ 8 የሚደርሱ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉት። በጥቅምት የታችኛው ክንፉ ብርቱካን መስሎ ይታያል። ጀርባው ላይ ያለው ክንፍ እሾህ ነው፤ ስትይዙት ከራሱ ወደ ጅራቱ እያስተኛችሁ ያዙት።

የእሱ እውነተኛ ዘመድ ዋልአይ ነው። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዋልአይ ረዥም ነው፤ ቀለሙ ወይራማ ወርቅ ይመስላል፤ የጅራቱ የታችኛው ጫፍ ነጭ ነው። እሱን ነጭ ምልክት ፈልጉ፤ በእሱ ትለዩታላችሁ። ጥርሱ ስለታም ነው፤ አፉ ውስጥ ጣት አይገባም። ሚኒሶታ በፈረንጆቹ 1965 የግዛቷ አሳ ብላ የሾመችው እሱን ነው። በግዛቷ የተመዘገበው ትልቁ ዋልአይ በ1979 ሲጋል ከሚባለው ወንዝ የተያዘ ሲሆን 17 ፓውንድ ከ8 አውንስ ይመዝን ነበር፤ ወደ 8 ኪሎ መሆኑ ነው። እኔና እናንተ የምንይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያለው ነው። ለአንድ ቤት እራት እሱም አይናቅም።

ብርሃን ላይ ፐርች፣ ጨለማ ላይ ዋልአይ

ሁሉም ነገር ያለው ዓይናቸው ላይ ነው። የዋልአይ ዓይን ከኋላው ብርሃን መልሶ የሚያንፀባርቅ ሽፋን አለው። ሌሊት የመኪና መብራት ሲያርፍበት ዓይኑ ቦግ የሚል ጅብ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። የዋልአይም እንደዚያ ነው። ግንባሬ ላይ ባሰርኳት መብራት ውሃው ውስጥ ሳየው መጀመሪያ የሚታየኝ አሳው ሳይሆን ዓይኑ ነው። ፍም የመሰለ ክብ ነገር ከታች ወደ እኔ ሲመጣ እስካሁን ድረስ ልቤ ይመታል።

ፐርች ይህ የለውም። ቀን አዳኝ ነው። ከጓደኞቹ ጋር እየተንጋጋ ይበላል፤ ሲመሽ ማየት ያቅተዋል፤ ጨርሶ ሲጨልም ወደ ሐይቁ ወለል ወርዶ ያርፋል። ዋልአይ ደግሞ በጣም ከሚወዳቸው ምግቦች አንዱ ፐርች ነው። እንግዲህ አስቡት። ፀሐይ ስትጠልቅ አንደኛው መታወር ይጀምራል፤ ሌላኛው ዓይኑ የሚሠራው ያኔ ነው። ዋልአይ ከጥልቁ ተነስቶ ወደ ዳር የሚመጣው ለዚህ ነው። ማዕዱ ያለው እዚያ ነው።

ይህን በመጽሐፍ አላወቅኩትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሐይቅ፣ ወደ ውሃው ገባ ብሎ በተሠራ የእንጨት ዶክ ላይ ቆሜ ነበር። ከእኔ ጎን ሐዋሳ ያደጉ አንድ ጋሼ ነበሩ። 10 ሰዓት አካባቢ ጀምሬ (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፐርች በፐርች ሆንኩ። 14 ያዝኩ። ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ስትገባ ግን ቧንቧ እንደተዘጋ ቀጥ አለ። አንድም የሚነካ ጠፋ። እጄ ደርቋል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፤ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ጋሼ ዘንጋቸውን ሳይለቁ፣ «የት ልትሄድ ነው? አሁን እኮ ነው የሚጀምረው» አሉኝ። ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው ብዬ ሄድኩ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ፎቶ ልከዋል፤ እኔ ቆሜበት የነበረው ሳንቃ ላይ ሁለት ዋልአይ ተጋድመዋል። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤት ሄጄ አላውቅም።

የትኛው ለማን?

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ የምትሄዱት ሳታመነቱ ፐርች። ልጅ የሚፈልገው ክሩ ሲነቃነቅ ማየት ነው። ፐርች በመንጋ ስለሚሄድ አንዱ ከተገኘ ሌሎቹም አሉ። ብርሃን እያለ ይበላል፤ ልጁ ሳይርበውና ሳይበርደው ቤት ትገባላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘንግ የምትይዙ አዋቂዎችም በፐርች ጀምሩ። አሳ ሲነካ እጅ ላይ ምን እንደሚሰማ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ከሥራ ወጥቶ ለሚሄድ ሰው ግን ሒሳቡ ይለያል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር አጋማሽና መጨረሻ ሚኒያፖሊስ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ነው። 11 ሰዓት ከሥራ የወጣ ሰው ሐይቁ ጋ ሲደርስ ለፐርች የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓት ወደኋላ ሲመለስ ደግሞ ፀሐይ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ያኔ በሥራ ቀን ፐርች ቀረ ማለት ነው። ለዋልአይ ግን ይህ የሰዓት ለውጥ በረከት ነው። እራት ሰዓት ሳይደርስ ይጨልማል፤ 11 ከሩብ ጀምራችሁ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤት መንገድ ትጀምራላችሁ። ስለዚህ እኔ ቅዳሜን ለፐርች፣ ማክሰኞና ሐሙስን ለዋልአይ አድርጌያለሁ።

ትዕግሥታችሁንም መዝኑ። በጥሩ ምሽት ፐርች በየደቂቃው ይነካል። ዋልአይ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ዝም ብሎ፣ 20 ደቂቃ ውስጥ ሦስቴ ሊመጣ ይችላል፤ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል። ዝም ያለውን ሰዓት መውደድ አለባችሁ። ጨለማው፣ የውሃው ድምፅ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያልፉት ዝይዎች ጩኸት ለእኔ ግማሹ ደስታ ነው። ይህ የማይጥማችሁ ከሆነ ራሳችሁን አታስገድዱ፤ ፐርች ይበቃችኋል።

አየሩንም ተመልከቱ። ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት፣ ውሃው መስታወት የመሰለ ምሽት ለፐርች መልካም ነው። ዋልአይ እንደዚህ ባለ ቀን ሙሉ በሙሉ እስኪጨልም ድረስ ወደ ዳር ደፍሮ አይመጣም። ደመና ካለ፣ ነፋስ ውሃውን ወደ እናንተ ዳር እየገፋ ማዕበል ቢጤ ካነሳ ግን ብርሃኑ ውሃ ውስጥ ይደበዝዛል፤ ዋልአይ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሊጀምር ይችላል። ነፋሱ ፊታችሁን እየገረፈ ከሆነ ትክክለኛው ዳር ላይ ናችሁ። ጨረቃ ሙሉ የሆነችባቸው የጥቅምት ሌሊቶችም በዋልአይ አጥማጆች ዘንድ የታወቁ ናቸው። እኔም በቀን መቁጠሪያዬ ላይ አስቀድሜ ምልክት አደርግባቸዋለሁ።

ውሃው ሲገላበጥ

በዚህ ወቅት አንድ ነገር ካላወቃችሁ ትናንት የያዛችሁበት ቦታ ዛሬ ባዶ ሆኖ ግራ ይገባችኋል። ሰመር ላይ የሐይቁ ውሃ ድርብ ነው፤ ሞቃቱ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች። አይቀላቀሉም። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ የላይኛው እየቀዘቀዘ ይከብዳል፤ ከታችኛው ጋር ሲተካከል ነፋስ ይመጣና ሐይቁን ከላይ እስከ ታች ያማስለዋል። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው፤ የነገሩ ምክንያት ይኸው ነው። በእነዚያ ቀናት ውሃው ይደፈርሳል፤ የበሰበሰ ሣር ይንሳፈፋል፤ አንዳንዴም ይሸታል። ኦክስጅን ሁሉም ጋ ስለሚዳረስ አሳውም እንደፈለገ ይበተናል።

እኔ በዚያ ሳምንት ለዋልአይ አልወጣም። የሚገኘውን ፐርች እፈልጋለሁ፤ ወይም ዘይት ጠብ አድርጌ የክር ማጠንጠኛዬን አጸዳለሁ። ሐይቁ መልሶ ሲጠራ ነው የዋልአይ ምርጡ ጊዜ የሚመጣው። ጥልቀት የሌላቸው ትንንሽ ሐይቆች ቀድመው ይጨርሳሉ፤ ጥልቆቹ ይዘገያሉ። አንዱ ደፍርሶ ካገኛችሁት ወደ ሌላው መንዳት ነው።

ዘንግ፣ ክርና ምግብ

ሁለት ዘንግ መግዛት ግድ አይደለም። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው 2 ሜትር ገደማ ዘንግ ለሁለቱም ያገለግላል። የሚለየው ክሩና ጫፉ ላይ የምታስሩት ነው።

ለፐርች ቀጭን ክር ያስፈልጋል፤ ባለ 4 ፓውንድ (4 ፓውንድ የሚሸከም) ይበቃል። ጫፉ ላይ ትንሽ ጂግ፤ ጂግ ማለት ራሱ ላይ እርሳስ የተጣበቀበት መንጠቆ ነው። ከአንድ አውንስ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ወደ 2 ግራም ያህል የሚመዝነውን ውሰዱ። መንጠቆው ላይ የምድር ትል ቁራጭ ስኩ። ሙሉውን አትስኩ፤ ፐርች አፉ ትንሽ ስለሆነ የተንጠለጠለውን ቆርጦ ይሄዳል። የጥፍር ያህል ይበቃል። ጂጉ ወለሉን እስኪነካ ልቀቁት፤ ከዚያ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። በቀስታ አንሱ፣ በቀስታ መልሱ። ሲነካ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ ይላል፤ ዶሮ እህል ስትለቅም የመሰለ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቱክ አትጎትቱ። በሦስተኛው ላይ እጃችሁን ብቻ ቀና አድርጉ።

ለዋልአይ ክሩ ባለ 8 ፓውንድ ይሁን። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከበድ ያለ ጂግ፣ ከ3 እስከ 7 ግራም፣ ላዩ ላይ በሕይወት ያለ ሚኖ ተሰክቶበት ነው። ሚኖ የሚሏቸው ጣት የሚያክሉ ትንንሽ አሳዎችን ነው፤ መደብር በባልዲ ይሸጧቸዋል። ውሃው ሲቀዘቅዝ አሳው ስለሚሰንፍ ሕይወት ያለው ምግብ ጥሩ ይሠራል። ጉዳቱ ዋጋው ነው፤ እነሱን በሕይወት ማቆየትም አለ፤ በዚያ ብርድ እርጥብ እጅ ይዞ መሥራትም አለ።

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ አሳ ነው። ከ10 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ቀጭን፣ ሲጎተት የሚወዛወዝ። በዚህ ዓይነት ስሙ የገነነው ራፓላ ነው። ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ በ1936 ከቡሽ ቀርጾ የጀመረው ነው። እኔ ከዳር ስቆም ምርጫዬ ይኸ ነው። ሩቅ ይወረወራል፤ እጅ አይረጥብም። ምስጢሩ አጎታተቱ ላይ ነው። ቀስ። ከዚያም ከዚያ በላይ ቀስ። ማጠንጠኛውን በሁለት ሰከንድ አንዴ እያዞራችሁ፣ አንዳንዴ ጨርሶ እያቆማችሁ። ብዙ ጊዜ የሚነካው በቆመበት ነው። የዋልአይ አነካክ ከፐርች ጋር አይገናኝም። ቱክ ቱክ የለም። ክሩ እርጥብ ጨርቅ እንደያዘ ድንገት ይከብዳል፤ ድንጋይ የያዘ ይመስላችኋል። ከዚያ ድንጋዩ ራሱን ይወዘውዛል።

ገንዘብ ለሚያስበው፦ ፐርች በጣም ርካሽ ነው። ጥቂት ጂግና አንድ ሳጥን ትል አንድ ወር ያወጣችኋል። ሰው ሠራሾቹ ደግሞ ድንጋይ ላይ ይቀራሉ። በአንድ ምሽት ሁለት ጥዬ አውቃለሁ።

የት ልቁም? ዶክ፣ ድንጋያማ ዳር ወይስ ጀልባ?

ለፐርች ዶክ የመሰለ የለም። ከዶክ ጫፍ 3 ወይም 4 ሜትር ጥልቀት ካለ፣ አጠገቡም ገና ያልደረቀ አረንጓዴ ሣር ካለ ቁሙ። የደረቀው ቡናማ ሣር ዋጋ የለውም። 20 ደቂቃ ካልነካ ግን አትጠብቁ፤ መንጋው የለም ማለት ነው። ሌላ ጎን፣ ሌላ ዶክ። ትልልቅ ፐርች የሚፈልግ ሰው ወደ ሰሜን ይነዳል። የሚሲሲፒ ወንዝ አቋርጦት የሚያልፈው ዊኒቢጎሺሽ ሐይቅ በፐርቹም በዋልአዩም ስም ያለው ነው።

ለዋልአይ ድንጋያማ ዳር ፈልጉ። መሬቱ ወደ ሐይቁ ሹል ሆኖ የገባበት፣ ድልድይ ሥር ውሃ የሚተላለፍበት፣ ነፋስ ሞገዱን የሚያላትምበት። ሲጨልም ዋልአይ ወገብ የማይደርስ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሩቅ መወርወር የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ አሳው ግን ከእግሩ ሥር ያልፋል። የመጀመሪያውን ውርወራ ከዳሩ ጎን ለጎን አድርጉ። መብራታችሁን ውሃው ላይ አታብሩ፤ መንጠቆ ስትለውጡ ጀርባችሁን አዙሩ።

ለዚህ ከሁሉ የምወደው ሚል ላክስ ነው። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ በሙሉ ሚኒሶታ ውስጥ ካሉት ሐይቆች በስፋት ሁለተኛው ነው፤ 132 ሺህ ኤከር። ያን ያህል ሰፍቶ ጥልቀቱ 13 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋስ በቀላሉ ያናውጠዋል፤ ድንጋያማ ዳር እንደልብ ነው። ምዕራቡ ዳር ጋሪሰን አካባቢ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ ማዶ አይታይም። ጣናን ያየ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

ጀልባስ? ጀልባ ያለው ሰው ለፐርችም ለዋልአይም ምርጫው ሰፊ ነው፤ በመሣሪያ መንጋውን ያያል፤ ዳር ለዳር በቀስታ እየነዳ ሰው ሠራሹን አሳ ይጎትታል። እውነቱን ለመናገር ከእኔ የበለጠ ይይዛል። ግን በዚህ ወቅት፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ጀልባ አልመክርም። ምክንያቴ አንድ ነው፤ ውሃው። በጥቅምት መጨረሻ የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው። ቅዝቃዜው ሳይፈልግ ውሃ ያስውጠዋል። ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ እጁ አልታዘዝ ይላል፤ ጀልባው አጠገቡ እያለ መውጣት ያቅተዋል። ዋና ማወቅ እዚህ ላይ አይበቃም። የግድ ከወጣችሁ የሕይወት ጃኬቱን ልበሱት እንጂ አትቀመጡበት። ከመሸ በኋላ የጀልባው መብራት መብራት አለበት፤ ከፊት ቀይና አረንጓዴ፣ ከኋላ ነጭ። የት ሐይቅ እንደሆናችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤተሰብ ንገሩ። ዳር ላይ ረዥሙን የጎማ ሱሪ ለብሳችሁ ውሃ ውስጥ የምትገቡም እንደዚሁ፤ ከጉልበት በላይ በሌሊት አትግቡ። የረጠበ ድንጋይ ላይ ቅጠል ሲያርፍበት ሳሙና ነው። አንዴ ተንሸራትቼ ክንዴ እስከ ትከሻው ረጥቦ ነበር። ያን ምሽት መኪና ውስጥ ሙቀቱን ለቅቄ ቁልፉን ለመጨበጥ እንኳ ጣቶቼ እምቢ ብለውኝ ነበር። አሁን መኪና ውስጥ ሙሉ ልብስ ቅያሪ አለ፤ ፎጣም፣ በፔርሙስ ሻይም።

ሕጉን ባጭሩ

ዕድሜው 16 የሞላው ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፐርች ዓመቱን ሙሉ ይያዛል። ዋልአይ ግን በአብዛኛው ሐይቅ በፈረንጆቹ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ዝግ ነው። ስለ ጥቅምት ምሽት ስናወራ ይህ አይነካንም፤ ሁለቱም ክፍት ናቸው። የሚነካን የቁጥርና የርዝመት ገደቡ ነው። ለፐርች ቁጥሩ ሰፋ ያለ ነው፤ ለዋልአይ ጠበብ ያለ ነው፤ ሚል ላክስ ላይ ደግሞ የዋልአይ ደንብ፣ ማታ የሚፈቀደውም ሰዓት ጭምር፣ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ከመውጣታችሁ በፊት የዚያን ሐይቅ ስም አስገብታችሁ የግዛቷን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ገጽ እዩ። ሁለት ደቂቃ ነው። የተረፈውን ሚኖ ሐይቁ ውስጥ አትልቀቁ፤ የባልዲውንም ውሃ ከሐይቁ ዳር ሳትነሱ መሬት ላይ ድፉ። የሜዳ አህያ የመሰለ መስመር ያላት ትንሿ ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረት፣ ዜብራ መስል፣ ከሐይቅ ሐይቅ የምትዛመተው በዚህ ውሃ ነው።

ምጣድ ላይ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? በብርድ የመጣ ሰው ትኩስ ነገር ይፈልጋል። የመጨረሻው ምርጫ ያለው እዚህ ነው፤ ለብዙዎቻችሁም ዋናው ይኸ ይመስለኛል።

ፐርች ጣፋጭ ነው። ሥጋው ጠንከር፣ ጣዕሙ ጣፈጥ ያለ ነው። ችግሩ ሥራው ነው። ለአራት ሰው ቤት 15 ያህል መገፈፍ አለበት፤ ልምድ ከሌላችሁ አንድ ሰዓት ይወስዳል። እኔ ሙሉውን ነው የምጠብሰው። ቅርፊቱን ፍቄ፣ ሆድ ዕቃውንና ራሱን አውጥቼ፣ ጎኑን በቢላ ሦስት ቦታ ጠለፍ ጠለፍ አደርጋለሁ። ጨው፣ ሎሚ፣ ትንሽ ዱቄት። ዘይቱ በደንብ ሲግል እጨምረዋለሁ። ክንፉ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። አጠገቡ ዳጣ ካለ ሐዋሳ አሞራ ገደል የቆመ ሰው ነኝ። የተረፈውን ትንንሽ ቁራጭ አሳ ዱለት አድርጉት፤ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ሚጥሚጣ።

ዋልአይ ለመሥራት ቀላል ነው። ከአንዱ ሁለት ሰፋፊ ሥጋ ይወጣል፤ በጎድኑ በኩል ያለውን ካነሳችሁ አጥንት የለውም። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የአሳ ሽታ የማይበዛበት ነው። አሳ አልወድም የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ ዋልአይ አቅርቡለት። ለጉላሽ ከፐርች ይሻላል፤ ቁራጩ ሳይፈርስ ወጡን ይጠጣል። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ የሠራሁላት በዋልአይ ነበር፤ «ይኼ የዝዋይ ቆሮሶ ነው» ብላ ተከራከረችኝ። ጉንጩን አትጣሉ። ከዓይኑ ሥር ያለችው ክብ ሥጋ ትንሽ ናት፤ ግን ከአሳው ሁሉ የምትጣፍጠው እሷ ናት። ቤቴ ውስጥ የእህቴ ልጅ ድርሻ ናት።

የጤናውን ነገር በትኩረት እዩልኝ። በእነዚህ ሐይቆች ያሉ አሳዎች ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ሌሎች አሳዎችን የሚበላው፣ ዕድሜውም የሚረዝመው ዋልአይ ከፐርች የበለጠ ያከማቻል። ትልቁ ከትንሹ ይብሳል። የሚኒሶታ ጤና መሥሪያ ቤት ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚመክረው በጥቅሉ ፐርች በሳምንት አንዴ፣ ከ20 ኢንች ያነሰ ዋልአይ ደግሞ በወር አንዴ ነው። ከዚያ ጥብቅ የሆነባቸው ሐይቆች ስላሉ የሐይቁን ስም ፈልጉ። ለእኔ ይህ ብቻውን የልጆቹን ሳህን ወስኖልኛል፤ ፐርች የእነሱ፣ ዋልአይ የትልልቆቹ። ትልቅ ዋልአይ ስይዝ ደግሞ መልሼ እለቀዋለሁ። ትልልቆቹ አብዛኞቹ እንስት ናቸው፤ የሚመጣው ዓመት ዕንቁላል ሆዳቸው ውስጥ ነው።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። በጾም አሳ የሚበላም የማይበላም ቤት አለ፤ እሱ የየቤቱ ነው። ለሚበሉት ግን ፐርች ተገፎ፣ ውሃ የሞላ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ ቢቀዘቅዝ እስከ ገና ጣዕሙን አይለቅም።

ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው

ከላይ ምረጡ ብያለሁ፤ አሁንም ምረጡ እላለሁ። ጠቅላላውን ምሽት ነፃ የሆነ ሰው ግን በቅደም ተከተል ሊያደርገው ይችላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ዶኩ ላይ በትልና በትንሽ ጂግ ፐርች ጀምሩ። ፐርች የበዛበትን ቦታ ልብ በሉ። መንካቱ ሲሳሳ፣ ሰማዩ ብርቱካን ሲሆን፣ ክሩን ለውጡ። ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ በሌለበት ውሃ አንድ ሰው በአንድ ክር ብቻ ስለሚያጠምድ ሁለተኛውን ዘንግ ዝግጁ አድርጋችሁ ጎን አስቀምጡት እንጂ አብራችሁ ውሃ ውስጥ አትጣሉት። ከዚያ ፐርቹ ከነበረበት ወደ ዳር ባለው ድንጋይ ላይ ሰው ሠራሹን አሳ በቀስታ ጎትቱ። መብራት አጥፉ። 45 ደቂቃ ስጡት።

ኅዳር ሲጋመስ ክሩ የሚያልፍባቸው የዘንጉ ቀለበቶች በረዶ መያዝ ይጀምራሉ። በጥፍር አትስበሩት፤ ቀለበቱ ይነቀላል። የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጉት፤ ውሃው ከአየሩ ስለሚሞቅ ይቀልጣል። አንድ ምሽት ደግሞ ደርሳችሁ ስትወረውሩ ጂጉ ጠብ ከማለት ይልቅ ቃጭ ይላል። ዳሩ ረግቷል። ያን ዕለት ዘንጉን መኪና ውስጥ መልሱና ፔርሙሱን ከፍታችሁ ሻያችሁን ጠጡ።